ቤት ስንሸጥና ስንገዛ የቀጠርናቸው አጣሪዎች፦ የከፈልንበትና ያገኘነው

ባለፈው ዓመት የምንኖርበትን አፓርታማ ሸጠን ሌላ ቤት ገዛን። ከደላላው በተጨማሪ ሦስት አገልግሎቶችን በራሳችን ገንዘብ ቀጥረን ነበር፤ እነርሱም ሰነድ የሚያጣራ የሕግ ቢሮ፣ የሕንፃውን ሁኔታ የሚመረምር መሐንዲስ፣ እንዲሁም ክፍያው ስም እስኪዛወር ድረስ የሚቀመጥበትን ዝግ ሂሳብ የከፈተልን ባንክ ናቸው። በዚህ ግምገማ ሰፊውን ቦታ ለሕግ ቢሮው እሰጣለሁ፤ ገንዘባችንን ከመጥፋት ያዳነው እርሱ ሲሆን፣ ሊታለፍ የማይገባውን ነገር ያለፈውም እርሱ ነውና። የማንንም ስም አልጠቅስም። ለአንባቢ የሚጠቅመው የቢሮው ስም ሳይሆን እንዲህ ያለ አገልግሎት ምን እንደሚሸፍንና ምን እንደማይሸፍን ቀድሞ ማወቁ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከክፍያው ልጀምር። ቢሮው የሚያስከፍለው ቁርጥ ዋጋ ነው፤ ቤቱን ብንገዛም ብንተወውም የምንከፍለው ያው ነው። መጠኑ ከቤቱ ዋጋ ከመቶ አንድ እጅ የማይሞላ ቢሆንም፣ ላልገዛነው ቤት መክፈላችን መጀመሪያ ላይ ቆጭቶኝ እንደነበር አልደብቅም። ይሁን እንጂ በቤት ገበያ ውስጥ የሚገጥሙንን ሰዎች አንድ በአንድ ስናስባቸው፣ ደላላውም፣ የሻጩ ወኪልም፣ ብድር የሚያመቻቸውም ሰው ኮሚሽናቸውን የሚያገኙት ሽያጩ ሲፈጸም ብቻ ነው። ከእነርሱ መካከል «ይህ ቤት ይቅርባችሁ» የሚል ቢገኝ ከራሱ ኪስ እየከፈለ መከረን ማለት ነው። ቁርጥ ዋጋ የሚቀበለው አጣሪ ግን ውሉ ቢፈርስ የሚያጣው ነገር የለም፤ ምክሩ ዋጋ የሚኖረውም በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል። ደላላችን «የምናውቀው ጠበቃ አለ፤ ያለ ክፍያ ያይልዎታል» ብሎ ነበር። በትሕትና አመስግኜ አልቀበልም ያልኩት ስለ ጠበቃው የተለየ ነገር ሰምቼ ሳይሆን፣ ደመወዙን ማን እንደሚከፍለው ሊገባኝ ስላልቻለ ነው።

በመጀመሪያው ቀጠሮ ላይ የሕግ ባለሙያዋ ያደረገችው ነገር እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም። ሻጩ የሰጠንን የባለቤትነት ማረጋገጫ ቅጂ በፕላስቲክ ሽፋን አድርገን፣ ማኅተሙ ጎልቶ እንዲታይ አስተካክለን አቀረብንላት። ወረቀቱን ለአፍታ አየችውና በግንባሩ ደፍታ ወደ ጠረጴዛው ዳር ገፋችው። «ይህ ወረቀት ሻጩ ስለ ቤቱ ምን እንደሚል ይነግረኛል፤ ቤቱ የማን እንደሆነ ግን አይነግረኝም» አለችን። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሳምንታት ሁሉ ቢሮው የሠራው በዚሁ መንገድ ነው፤ ማንኛውም ማስረጃ፣ ሻጩ ይዞት የመጣው ቢሆን እንኳ፣ ከመነሻው ምንጭ በቢሮው ሠራተኛ እጅ እንደገና ይወጣል። አንዳንዱን ማስረጃ ለማውጣት ቀናት ይፈጃል፤ ደላላውም በየቀኑ እየደወለ ያጉረመርማል።

ማጣራቱ ለምን ያን ያህል እንደሚረዝም ስጠይቅ የተሰጠኝ ማብራሪያ ብቻውን የክፍያውን ሩብ ያህል ያወጣል። የቤትና የመሬት ባለቤትነት የሚመዘገብባቸው መንገዶች በጥቅሉ በሁለት ይከፈላሉ። በአንደኛው መዝገቡ ራሱ ባለቤትነትን ያጸናል፤ ስሙ በመዝገቡ የሰፈረ ሰው ባለቤት ነው፣ የቀደሙ ውሎችን ወደ ኋላ መቁጠርም በአብዛኛው አያስፈልግም። ይህ አሠራር እ.ኤ.አ. በ1858 በደቡብ አውስትራሊያ በሮበርት ቶረንስ አነሳሽነት በሕግ ከተደነገገ ወዲህ ወደ ብዙ አገሮች ተዛምቷል። በሁለተኛው ግን መዝገብ ቤቱ የሚቀርቡለትን ውሎች ተቀብሎ ያስቀምጣል እንጂ ለትክክለኛነታቸው ዋስ አይሆንም። በዚህኛው አሠራር ገዢው ከዛሬው ሻጭ ተነሥቶ፣ ሻጩ ከማን እንደገዛ፣ ያም ከማን እንደወረሰ እያለ ሰንሰለቱን ወደ ኋላ መከተል አለበት፤ ከመካከል አንድ ያልተጠራ ወራሽ ወይም አንድ ያልተዘጋ ዕዳ ከተገኘ ችግሩ ለመጨረሻው ገዢ ይተርፋል። ስለዚህ ቤት የሚገዛ ሰው ለአጣሪው የሚያቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ «በዚህ ቦታ መዝገቡ ባለቤትነትን ያጸናል ወይስ ወረቀት ብቻ ያስቀምጣል?» የሚል ቢሆን መልካም ነው። ይህን ጥያቄ በደንብ የማይመልስ አጣሪ ገንዘብ ሊከፈለው አይገባም።

መጀመሪያ የወደድነው ቤት የዛሬው አልነበረም። ሻጩ ባለቤት ሳይሆን ውክልና የያዘ ሰው ነበር፤ ባለቤቷ አሮጊት እንደሆኑ፣ ራቅ ያለ አገር እንደሚኖሩና ጉዳያቸውን ሁሉ ለእርሱ እንደተዉ ነገረን። ዋጋው በአካባቢው ካሉት ተመሳሳይ ቤቶች ዝቅ ያለ ነበር፣ ቤቱም ባዶ ነው፣ የባንክ ዕዳም የለበትም። እኛ እነዚህን ሦስት ነገሮች እንደ ዕድል ቆጠርናቸው፤ ባለሙያዋ ግን በማስታወሻዋ ላይ ከሦስቱም ሥር አሰመረች። በሌላ ሰው ስም ቤት የሚሸጡ አጭበርባሪዎች የሚመርጡት ሰው የማይኖርበትን፣ ባንክ በመያዣነት ስላልያዘው ሰነዱን ሁለተኛ ወገን የማይመረምርለትን፣ ባለቤቱ ሩቅ ወይም በዕድሜ የገፋ የሆነን ቤት ነውና። ዋጋውን ዝቅ የሚያደርጉት ደግሞ ገዢው እንዲጣደፍ ነው።

ባለሙያዋ ውክልናውን ስትመረምር በመጀመሪያ ያየችው ማኅተሙን ሳይሆን ግሱን ነበር፤ ወረቀቱ «እንዲያስተዳድር፣ እንዲያከራይ፣ ኪራይ እንዲቀበል» ይላል፣ «እንዲሸጥ» የሚል ቃል ግን በአንድ ቦታ ብቻ፣ ያውም በመጨረሻው መስመር ከሌላው ጽሑፍ በጠበበ አጻጻፍ ገብቶ ይታያል። ሁለተኛው ነጥብ ባለቤቷ በሕይወት መኖራቸው ነበር፤ ውክልና በአጠቃላይ ሕግ ወካዩ ሲሞት አብሮ የሚያበቃ በመሆኑ፣ ትናንት በትክክል የተሰጠ ውክልና እንኳ ዛሬ ዋጋ ሊያጣ ይችላል። ከባለቤቷ ጋር በስልክ ለመነጋገር ስንጠይቅ ወኪሉ መጀመሪያ «ታመዋል» አለ፣ ቀጥሎ «ስልክ አይወዱም» አለ፣ በመጨረሻም «እናንተ ሰው አታምኑም» ብሎ ተቆጣ። ደላላውም በዚያው ምሽት ደውሎ «ጋሼ፣ ነገ ጧት ሌላ ገዢ ቀብድ ሊሰጥ ነው፤ ነገ ከነገ ወዲያ ሲሉ እንዳያመልጥዎ» አለኝ። እውነቱን ለመናገር እኔ ቀብዱን ለመስጠት ተነሥቼ ነበር።

ያቆመችን ባለሙያዋ ናት። በመዝገቡ ላይ ባለቤቷ ያስመዘገቡትን የደብዳቤ አድራሻ አውጥታ፣ «ቤትዎን ለመግዛት የተዘጋጁ ደንበኞች አሉን፤ የሚሸጡልን ሰው ወኪልዎ መሆናቸውን ያረጋግጡልን» የሚል አጭር ደብዳቤ በአደራ ፖስታ ላከች። ወኪሉ ከሰጠን ስልክና አድራሻ አንዱንም አልተጠቀመችም። በአሥራ ሁለተኛው ቀን መልስ መጣ፤ ሴትዮዋ ጤነኛ ናቸው፣ ቤቱንም ለመሸጥ አስበው አያውቁም፤ ውክልናውን የሰጡት ኪራይ እንዲሰበስብላቸው ብቻ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ የወኪሉ ስልክ አይሠራም። የዚያ ደብዳቤ ወጪ የቴምብር ዋጋ ነበር፤ የእኛ ቀብድ ደግሞ የቤቱን ዋጋ አንድ አሥረኛ ይሆን ነበር።

በዚሁ አጋጣሚ ለቤት ባለቤቶችም አንድ ነገር ልጥቀስ። የእንግሊዝና የዌልስ የመሬት መዝገብ ቤት ማንኛውም ሰው እስከ 10 በሚደርሱ ንብረቶች ላይ የማስጠንቀቂያ መልእክት በነፃ እንዲመዘገብ ይፈቅዳል፤ በንብረቱ መዝገብ ላይ የሚያሳስብ እንቅስቃሴ ሲኖር ለተመዘገበው ሰው መልእክት ይደርሰዋል። ተመሳሳይ አገልግሎት ባለበት ቦታ ሁሉ ቤቱን ዘግቶ የሚርቅ ሰው ሊመዘገብ ይገባል። አገልግሎቱ በሌለበት ደግሞ ቢያንስ በመዝገቡ ላይ ያለው የመገናኛ አድራሻ ወቅታዊ መሆን አለበት፤ የሴትዮዋን ቤት ያዳነላቸው ይኸው አድራሻ ነው።

ሁለተኛው ቤት፣ ማለትም ዛሬ የምንኖርበት፣ በመዝገብ በኩል ቀላል ነበር። ባለቤቶቹ ባልና ሚስት ናቸው፤ ሁለቱም በአካል ቀርበው ፈረሙ። ቢሮው የመያዣ ዕዳ፣ የፍርድ ቤት እገዳ፣ ያልተከፈለ ግብር፣ ለጎረቤት የተሰጠ የመተላለፊያ መብት መኖር አለመኖሩን አጣርቶ በአራት ገጽ ሪፖርት አቀረበ። ሪፖርቱ በሚገባ ቋንቋ የተጻፈ ነው፤ «ምን አየን፣ የት አየን፣ በየትኛው ቀን አየን» የሚለው ለእያንዳንዱ ነጥብ ተለይቶ ሰፍሯል። ከሁሉም የወደድኩት መዝገቡን ሁለት ጊዜ ማየታቸውን ነው፤ አንድ ጊዜ በመጀመሪያ፣ ሌላ ጊዜ ውሉ በሚፈረምበት ዕለት ጧት። በሁለቱ ቀናት መካከል ሻጭ በዚያው ቤት ሊበደርበት፣ ወይም ለሌላ ሰው ሊሸጠው ይችላል፤ አንድን ቤት ለሁለት ሰው መሸጥ የሚቻለውም በዚህ ክፍተት ነው። በእኛ ጉዳይ ምንም አልተገኘም።

የቢሮው ስሕተት የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ቀብዱ ከተከፈለ በኋላ፣ ከመጨረሻው ክፍያ በፊት፣ መጋረጃ ለመለካት ወደ ቤቱ ስንሄድ ከጓሮው ክፍል ፊት በተዘረጋ ገመድ ላይ የሕፃን ልብስ ተሰጥቶ አየን። ሻጮቹ ልጆቻቸውን ድረው የጨረሱ ሰዎች ናቸው። ባለቤቴ በሩን ስታንኳኳ አንዲት ወጣት እናት ወጣች፤ ክፍሉን በጽሑፍ ውል ለሁለት ዓመት እንደተከራየች፣ ከውሉም ገና አሥራ አራት ወር እንደሚቀራት ነገረችን። በብዙ አገሮች ሕግ መሠረት ቤቱ ቢሸጥም የተከራይ ውል አይፈርስም፤ አዲሱ ባለቤት አከራዩን ተክቶ ይቀጥላል እንጂ። ወደ ቢሮው ሄጄ ስጠይቅ ያገኘሁት መልስ «ኪራዩ በመዝገብ ስላልገባ ልናየው አንችልም ነበር» የሚል ሲሆን፣ መልሱ እውነት ቢሆንም አላረካኝም። ሻጮቹን «በቤቱ ውስጥ ከእናንተ ሌላ የሚኖር አለ?» ብሎ በጽሑፍ መጠየቅ አንድ መስመር የማይሞላ ሥራ ነበር። ከሻጮቹ ጋር ተደራድረን የአሥራ አራት ወሩን ኪራይ ከቀሪው ክፍያ ላይ ቀነሱልን፣ ተከራይዋም ቆየች። ቢሮው ግን ከክፍያው ላይ አንዲት ሳንቲም አልቀነሰም።

ይህ ጉዳይ አጣሪ ሲሳሳት ማን ይከፍላል ወደሚለው ጥያቄ መለሰኝ። ጥያቄው የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1868 በአሜሪካ የፔንሲልቫንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዋትሰን እና ሙርሄድ በተባሉ ሰዎች መካከል የነበረን ክርክር ወስኖ ነበር። አጣሪው በቀድሞው ባለቤት ላይ የተመዘገበ የፍርድ ዕዳ አይቶ፣ የሕግ ምክር ተቀብሎ፣ ዕዳው ንብረቱን አይነካም ብሎ በቅን ልቡና አለፈው፤ ዕዳው ግን ይነካ ነበር፣ ገዢውም ገንዘቡን አጣ። ፍርድ ቤቱ አጣሪው ቸልተኛ ስላልነበረ አይጠየቅም አለ። ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በ1876፣ በፊላደልፊያ የባለቤትነት መድን፣ ማለትም በባለቤትነቱ ላይ የተደበቀ ጉድለት ቢገኝ ገዢውን የሚክስ መድን፣ የሚሸጥ የመጀመሪያው ኩባንያ የተቋቋመው እንዲህ ያለውን ክፍተት ለመሙላት ነው። እኛም ውላችንን ዳግመኛ ስናነበው፣ የቢሮው ኃላፊነት «ከተቀበለው የአገልግሎት ክፍያ አይበልጥም» የሚል አንቀጽ በሦስተኛው ገጽ ላይ አገኘን። ቤታችን ቢወሰድ ኖሮ የሚመለስልን የማጣሪያው ዋጋ ብቻ ነበር ማለት ነው። ይህን አንቀጽ ሳያነቡ መፈረም የእኔ ጥፋት ነው፤ ነገር ግን በቃል ሲያስተዋውቁን «ሙሉ ኃላፊነት እንወስዳለን» ማለታቸውን ስላልረሳሁ ከነጥባቸው ላይ ቀንሻለሁ። አጣሪ የሚቀጥር ሰው የሙያ ኃላፊነት መድን እንዳለው ይጠይቅ፣ የመድኑንም ጣሪያ በጽሑፍ ይቀበል። የባለቤትነት መድን በሚሸጥበት ቦታ ደግሞ ያንን ለብቻው መግዛት ይበጃል።

ወደ መሐንዲሱ ልለፍ። በግማሽ ልብ ነው የማመሰግነው። የመጣው በሰዓቱ ነው፣ የእርጥበት መለኪያ ይዞ ነበር፣ ሁሉንም የውሃ መክፈቻዎች በአንድ ጊዜ ከፍቶ ግፊቱን አየ። ዋናው መኝታ ክፍል ሲገባ ከአራቱ ግድግዳዎች አንዱ ብቻ አዲስ ቀለም መቀባቱን አስተዋለና ቁምሳጥኑን እንድናንቀሳቅስ ጠየቀ። ከኋላው ያለው ልስን በጣት ሲነካ እንደ እርጥብ ስኳር ይረግፋል፤ መለኪያውም ይጮህ ጀመር። ከመታጠቢያ ቤቱ የሚወጣ ቧንቧ ውስጥ ለውስጥ ያፈስ ነበር። ስለ ስንጥቆችም በደንብ አስረዳን፤ የፀጉር ያህል የቀጠነና ቀጥ ብሎ የወረደ ስንጥቅ ብዙውን ጊዜ የልስን መኮማተር ሲሆን፣ በበርና በመስኮት ማዕዘን ተነሥቶ ሰያፍ የሚሄድ፣ ከ5 ሚሊሜትር የሚሰፋና ወደ አንድ ጫፍ እየተከፈተ የሚሄድ ስንጥቅ ግን መሠረቱ እየተንቀሳቀሰ መሆኑን ሊያመለክት ስለሚችል በቀለም ከመሸፈኑ በፊት መጠናት አለበት። በዚህ ምርመራ መሠረት ሻጮቹ ቧንቧውን በራሳቸው ወጪ አስጠገኑ።

ሪፖርቱ ሲደርሰን ግን «ለመመልከት አልተቻለም» የሚለውን ሐረግ ስድስት ቦታ ቆጠርኩ። ጣሪያው ላይ አልወጣም፣ መሰላል አላመጣምና። የኮርኒሱን ውስጥ አላየም፣ መግቢያው ተቀብቶ ተዘግቷልና። የፍሳሽ ጉድጓዱን አልከፈተም፣ ክዳኑ ከባድ ነውና። የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ሲጥል ሳሎኑ መሀል ባልዲ አስቀመጥን። የሕንፃ መርማሪን ዋጋ ከመስማማት በፊት የማይመረምራቸውን ነገሮች ዝርዝር መጠየቅ እንደሚገባ የተማርነው በዚያ ባልዲ ነው።

ባንኩ ላይ የምለው ጥቂት ነው። ዝግ ሂሳቡ በስምምነቱ መሠረት ሠርቷል፤ ገንዘባችን ገባ፣ ሻጮቹ መግባቱን አዩ፣ ስሙ ወደ እኛ መዛወሩን የሚያሳይ የመዝገብ ቅጂ ሲቀርብ ተለቀቀ። ገዢ ቤቱን ሳያገኝ ገንዘብ እንዳይለቅ፣ ሻጭም ገንዘቡን ሳያረጋግጥ ቤቱን እንዳያስረክብ የሚያደርግ ከዚህ የተሻለ መንገድ አላየሁም። ፎርሙ ረጅም ነው፣ ሠራተኞቹም ዝግ ሂሳብ ብዙ ጊዜ የሚከፍቱ አይመስሉም፤ አራት ጊዜ ተመላልሰናል።

ይልቁንም በዝርዝር ልናገርለት የሚገባው ከዚሁ ክፍያ ሦስት ቀን በፊት፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ የደረሰኝ ኢሜይል ነው። ከሕግ ቢሮው የመጣ ይመስላል። የጉዳያችንን ቁጥር፣ የክፍያውን መጠን እስከ መጨረሻው አኃዝ፣ የባለሙያዋን ረዳት ስም፣ ረዳቷ ሁልጊዜ የምትጠቀምበትን ሰላምታ ሳይቀር ይዟል። ዝግ ሂሳቡ «በኦዲት ምክንያት» ለጊዜው ስለማይሠራ ገንዘቡን በሌላ ባንክ ወደሚገኘው ሂሳብ እንድናስገባ፣ ሰኞ ጧት ውሉ እንዳይስተጓጎልም ዛሬውኑ እንድናደርገው ይጠይቃል። የላኪውን አድራሻ ደጋግሜ ሳየው በቢሮው ስም መካከል አንድ ፊደል ሁለት ጊዜ ተጽፏል፤ በፍጥነት ላነበበው ሰው የሚታይ አይደለም። በኢሜይሉ ግርጌ ያለውን ስልክ ትቼ በመጀመሪያው ቀን በተፈራረምነው ውል ላይ ወዳለው ቁጥር ደወልኩ። ረዳቷ ራሷ አነሣችው፤ ምንም አልላከችም።

ይህ ማጭበርበር የሚሠራበት መንገድ እንዲህ ነው። ወንጀለኞቹ ከተዋዋዮቹ የአንዱን የኢሜይል ሳጥን ሰብረው ይገባሉ፤ ወዲያው ግን ምንም አያደርጉም። ለሳምንታት ደብዳቤውን እያነበቡ ይቆያሉ፣ የክፍያው ቀን ሲቃረብ ብቻ አንድ መልእክት ይልካሉ። ዓርብ ከሰዓትን የሚመርጡት ባንኮችና ቢሮዎች ሊዘጉ ሲሉ ስለሆነ፣ ተታላዩ የሚነቃው ሰኞ ነው፤ እስከዚያ ገንዘቡ ከሂሳብ ወደ ሂሳብ ሄዷል። በዚህ ወጥመድ የወደቀ ሰው የመጀመሪያው ሥራው ለራሱ ባንክ በዚያችው ደቂቃ ደውሎ ክፍያው እንዲታገድ መጠየቅ ነው፤ ገንዘብ የመመለሱ ዕድል የሚለካው በሰዓታት ነውና። በእኛ ጉዳይ የተሰበረው የቢሮው ሳጥን መሆኑ ኋላ ተረጋገጠ። ረዳቷ ስደውል ያነሣችው መልካም ነው፤ ይሁን እንጂ «የሂሳብ ቁጥራችንን በኢሜይል አንቀይርም» የሚለውን ማስጠንቀቂያ በውሉ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ማስፈር የነበረባቸው ከጅምሩ ነው። አሁን አስፍረውታል አሉ።

አፓርታማውን በሸጥንበት ጊዜ ደግሞ የቢሮው ምክር ያለ ማጋነን እንከን አልነበረውም። አንደኛው ገዢ በውሉ ላይ ከእውነተኛው ዋጋ በግማሽ ያነሰ እንዲጻፍና ቀሪው በእጅ እንዲሰጠን ሐሳብ አቀረበ፤ «ለሁላችንም ግብር ይቀንሳል» በማለት። ባለሙያዋ ያስረዳችን ጉዳይ ግብሩን ብቻ የሚመለከት አልነበረም። ውሉ በሆነ ምክንያት ቢፈርስ ገዢው በሕግ ሊያስመልስ የሚችለው የተጻፈውን ያህል ብቻ ነው፤ ሻጩም በእጅ ይሰጠኛል ያለው ግማሽ ቢቀር የሚከስበት ወረቀት የለውም፣ ቢከስም ራሱን በግብር ማጭበርበር ያጋልጣል። ሁለታችንም አንዳችን በሌላችን እጅ እንወድቅ ነበር።

ሌላው ገዢ ጨርሶ አላየነውም። ውጭ አገር እንደሚኖር ገልጾ ቤቱን ሳያይ በጠየቅነው ዋጋ ተስማማ፣ ከቀብዱ የሚበልጥ ቼክ ላከ፣ ትርፉንም «ለዕቃ አጓጓዡ» እንድናስተላልፍለት ለመነ። የባንክ ሂሳባችን ላይ ገንዘቡ ገብቶ ይታይ ነበር። ነገር ግን ባንክ ቼክ ሲቀበል መጠኑን ቀድሞ በሂሳብ ላይ ሊያሳይ ይችላል፤ ቼኩ ከወጣበት ባንክ ተመልሶ ዋጋ ቢስ መሆኑ የሚታወቀው ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ ሲሆን፣ በመካከል ለአጓጓዡ የላክነው ገንዘብ የራሳችን ይሆን ነበር። ባለሙያዋ ምንም እንዳንልክ ከለከለችን፤ ቼኩ በዘጠነኛው ቀን ተመለሰ። በመጨረሻ ለሸጥንለት ገዢም የገንዘብ ማስተላለፊያ ደረሰኝ ፎቶ በስልክ ሲልክልን፣ ቁልፉን የሰጠነው ባንኩ ራሱ ገንዘቡ መግባቱንና ተመልሶ ሊወሰድ የማይችል መሆኑን ካረጋገጠልን በኋላ ነው። ሰውየው ቅን ነበር፣ ጥቂትም ተቀየመ።

ደላላውን በተመለከተ፣ ቤት የማግኘት ሥራውን አሳምሮ ሠርቷል፣ የተስማማንበትንም ኮሚሽን ተቀብሏል። ከዚያ በላይ መጠበቅ የእኛ የዋህነት ይሆን ነበር።

ነጥብ መስጠት ካለብኝ ለሕግ ቢሮው ከአምስት ኮከብ ሦስት ተኩል፣ ለመሐንዲሱ ሁለት ተኩል፣ ለዝግ ሂሳቡ አራት እሰጣለሁ። ሙሉ ወጪያችን ከቀብዱ አንድ አምስተኛ አይሆንም፤ የዘገየንበት ጊዜ ግን ሰባት ሳምንት ነው፣ መኖሪያውን በአስቸኳይ ለሚፈልግ ሰው ይህ ቀላል አይደለም። ገና በመሠራት ላይ ያለ ቤት ለሚገዛ ሰውም ይህ አገልግሎት እንዳለ አይበቃም፤ ያ ሰው ከመዝገቡ በተጨማሪ የግንባታ ፈቃዱን፣ ገንቢው መሬቱን በብድር መያዣነት መስጠት አለመስጠቱን፣ ክፍያውም ከግንባታው ደረጃ ጋር የተያያዘ መሆኑን የሚያጣራለት ሰው ያስፈልገዋል፤ መሠረት ሳይወጣ የዋጋውን ግማሽ የሚጠይቅ ገንቢ ገጥሞናልና ከደጁ ተመልሰናል።

ቢሮውን ዳግመኛ እቀጥረዋለሁ። በዚያን ጊዜ ግን የኃላፊነት ጣሪያውን ከመፈረሜ በፊት እደራደራለሁ፣ በቤቱ የሚኖሩትን ሰዎች የሚመለከት ጥያቄ ለሻጩ በጽሑፍ እንዲቀርብ በውሉ ውስጥ አስገባለሁ። ስም ማዛወሩን ቢሮው በአንድ ቀን አስፈጽሞ የተሟላ መዝገብ ሰጥቶናል። እኛም ባለሙያዋ ባስለመደችን ልማድ በማግስቱ ራሳችን ወደ መዝገብ ቤቱ ሄደን አዲሱን ቅጂ ከምንጩ አወጣን፤ የባለቤቴ የአባት ስም አንድ ፊደል ጎድሎት ተጽፎ ስለነበር በዚያው ሳምንት አስተካከልነው።